ከመስመሩ አንድ ክንድ ያለፈ መኪና

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኢንጂነር ወንድይራድ፣

ውቅያኖስ ማዶም እዚህም ያው አንድ የሆነው ጌታ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ሥራዎን ይባርክልን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አክስትዎ እትዬ የሺሃረግ ጉልበታቸውን ከማለት በቀር ምንም አልሆኑም፤ ቁጣቸውም እንደ ድሮው ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝም። ቤተል ነኝ፣ የአጎትዎ ልጅ የተፈሪ ሁለተኛዋ። አሜሪካ ሲሄዱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በርበሬ የተሞላ ቁና ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ስቀውብኛል አሉ። አሁን በከተማችን ቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ።

በቫይበር ብጽፍልዎ ይቀል ነበር። እትዬ ግን «የዘመድ ጉዳይ በወረቀት ይሁን፤ ስልክ ላይ የተባለውን ነገ ማን ያገኘዋል?» አሉ፤ እሳቸው ካሉ አለቀ። የእርስዎም ደብዳቤ ሲመጣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤት ሙሉ ዘመድ ተሰብስቦ ይነበባል። ፎቶዎም እንደተሰቀለ ነው፤ ክራቫት አስረው ከዚያ የመስታወት ሕንፃ ፊት የቆሙበት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኮሌጃችን አንድ ሰርቨር አለው። ተማሪው ፊት ያለው አሮጌ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ሰርቨሩ ውስጥ ነው። እዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቨርችዋል ማሽን ይከፈትለታል፤ አካል የለውም፣ ግን ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራል። (ይህን የምዘረዝረው እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ጮክ ብለሽ ጻፊ ስላሉኝ ነው እንጂ ለእርስዎ ማስረዳቴ አይደለም።) በግንቦት የብቃት ምዘና አለብን። ሃያ አራት ተማሪ በአንድ ጊዜ መቀመጥ አለበት፤ አሥራ ሁለቱ በተለመደው የኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ አሥራ ሁለቱ ሰርቨሩ አስመስሎ በሚያቀርበው የስልክ ፕሮሰሰር። አሁን አራት ቨርችዋል ማሽን ሲከፈት ደህና ነው። አምስተኛው ሲጨመር ሁሉም ቀጥ ይላል። ሚሞሪው አይበቃም።

ዲናችን አቶ አሳምነው «ካልሆነ ሐዋሳ ሄደው ይፈተናሉ» ብለዋል። ሐዋሳ ሄዶ ሳምንት መክረም ለወንዶቹ ይሆን ይሆናል። ከሃያ አራቱ አሥራ አምስቱ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹን ቤተሰብ አይልካቸውም። ካልተፈተኑ ደግሞ የሁለት ዓመት ድካማቸው ያለ ወረቀት ይቀራል።

እና ጋሼ፣ አራት ትልልቅ ሚሞሪ ቢልኩልን? ዓይነቱን አልጻፍኩም። ለእርስዎ የሚሞሪ ዓይነት መንገር ለፓስተር «አባታችን ሆይ»ን ማስጠናት ይሆንብኛል። የሰርቨሩን ፎቶ አያይዣለሁ፤ ሲያዩት ያውቁታል።

እትዬ ጉንጭዎን ስመዋል።

አክባሪዎ ልጅዎ
ቤተል ተፈሪ


ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2015

ለውድ ልጄ ለቤተል፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የቤቱም ሰላም ይብዛ። እኔ ተመስገን ነው። እዚህ ኖቬምበርም ሆኖ ፀሐዩ አልበረደም፤ ሰዉ በካናቴራ ነው።

አስታወስኩሽ እንጂ! በርበሬው ላይ ተቀምጠሽ «ቁናው ነከሰኝ» ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ያቺ ልጅ አድጋ ሰርቨር ታዛለች ማለት ነው። እልል ብያለሁ፣ በእውነት።

ጉዳይሽ ገብቶኛል። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ወጥቼ የኮምፒውተር ዕቃ ቤት ሄድኩ። ሻጩ ልጅ «ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?» ሲለኝ «ጥሩውን» አልኩት። አሜሪካ ጥሩውን ካልጠየቅሽ ጥሩውን አይሰጥሽም። ፎቶውን አሳየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ አራት አንድ ዓይነት አወጣልኝ። እነሆ ወደ አገር ቤት በሚመጣው በወንድም ተስፋሁን እጅ ልኬዋለሁ። ከሕፃን ጫማ ውስጥ ነው የከተተው፤ ጫማው የሱ የእህት ልጅ ነው፣ እንዳትወስጂበት።

እዚህ ሥራ እንደተለመደው ነው። ሕንፃው ውስጥ ያለው ኩባንያ አድጓል፤ ጠዋት ጠዋት የሚገባው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። እኔም ፋታ የለኝም።

ኢንጂነር የሚለውን ግን ተዪው ልጄ። ጋሼ ይበቃል።

እትዬን ጉልበታቸውን እንዲሸፍኑ ንገሪያቸው። ተፈሪን፣ ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ጋሼ ወንድይራድ


ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኢንጂነር ወንድይራድ፣

(ደብዳቤዎ ሲነበብ «ኢንጂነር የሚለውን ተዪው» ያሉበት ቦታ ላይ እትዬ እንባ መጣቸው። «አያችሁ ትሕትናውን» አሉ። ስለዚህ ልተወው አልቻልኩም።)

የሰጠ እጅ አይንጠፍ እንደሚባለው እጅዎ አይንጠፍ። ዕቃው በሰላም ደርሷል። ጫማውንም ለባለቤቱ አስረክበናል። ሚሞሪው ላይ እሑድ ጸሎት ተደርጎበታል፤ ዘመዱ ሁሉ እየተቀባበለ አይቶታል፤ አባቴ እንደ ወርቅ በመሐረብ ይዞ ነው ያዞረው።

ሰርቨሩ ግን ለጊዜው አልተቀበለውም። ሲገባለት ሦስት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አሮጌ ነው። የላኩት ዕቃ ጥሩ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም።

ስለዚህ ዕቃ መለመኔን ትቼ ምክር ልለምን። ሚሞሪ መጨመር ካልተቻለ ያለውን መጋራት ይቻል ይሆን?

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሰርቨሩ ሚሞሪን በገጽ በገጽ ነው የሚይዘው፤ እያንዳንዱ ገጽ አራት ሺህ ከምናምን ፊደል ይይዛል። ተማሪዎቹ ሁሉ ለምዘናው አንድ ትልቅ የመማሪያ ጥራዝ ይከፍታሉ፤ ሥዕሉ፣ ፎንቱ፣ መዝገበ ቃላቱ ሁሉ ያለበት። ያ ጥራዝ ብቻውን አንድ ጊጋ ተኩል ይበላል። አራት ተማሪ ሲከፍት አራት ጊዜ ይያዛል፤ ሰርቨሩ ያለው ደግሞ ስምንት ጊጋ ነው። ግን እኮ የሁሉም ገጽ አንድ ነው! ኳየር ውስጥ አንድ የመዝሙር ደብተር ለሁለት ለሦስት ይዘን እንደምንዘምረው፣ ሰርቨሩም አንዱን ገጽ ይዞ ለሁሉም ቢያሳይስ? አንዱ ሊጽፍበት ከፈለገ ያን ጊዜ ለእሱ ብቻ የራሱ ቅጂ ይሰጠዋል። ይህን የሚሠራ ነገር ሰርቨሩ ውስጥ አለ።

የሚያስጨንቀኝ ሁለቱ ወገኖች ፕሮሰሰራቸው የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ ፕሮሰሰር የሚገባው ትእዛዝ ለሌላው አይገባውም። እንዲህ ያሉ ሁለት ማሽኖች ገጽ ሊጋሩ ይችላሉ? እዚህ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ለእርስዎ ግን የዕለት ሥራዎ ነውና በአንድ አንቀጽ ቢመልሱልኝ ይበቃኛል።

መልካም የልደት በዓል እንዲሆንልዎ እንመኛለን።

አክባሪዎ
ቤተል


ሎስ አንጀለስ፣ ሚራክል ማይል፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2016

ለውድ ልጄ ለቤተል፣

ቸሩ አምላክ ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዛ፣ ከዚያ ደግሞ ጉንፋን። ዝም ብዬሽ አልነበረም።

ጥያቄሽን ለመክብብ አሳየሁት። መክብብ ማለት እዚሁ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ የሚሠራ ልጅ ነው። በአሥር ዓመቱ የመጣ ነው፤ እኔን «አንተ ወንድይ» ነው የሚለኝ፣ አልቀየመውም። ጃንዋሪን በሙሉ ቬኬሽን ላይ ስለነበር እሱን ስጠብቅ ነው የቆየሁት። ሲመጣ ደብዳቤሽን በቁሙ አነበብኩለት። የመኪናውን በር እንደከፈተ አንድ እግሩን አስገብቶ ሰማኝና «ኋት! ይቺ ልጅ የት ነው ያለችው?» አለ። ሆሳዕና ስለው ወርዶ በሩን ዘጋው። ያለውን እንዳለ ልጻፍልሽ፣ እኔ ብነካካው ይበላሻል፦

«ሶ፣ ኮዱ ሼር አይደረግም፣ ፎርጌት ኢት። የሁለቱ ፕሮሰሰር ትእዛዝ የተለያየ ነው። ዳታው ግን ሼር ይደረጋል። ሰርቨሩ ገጹ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ያሉትን ገጾች ያወዳድራል፣ ልክ አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱን ያስቀራል፣ ኦኬ? ሶ፣ ትልልቁን ዳታ አንድ ፋይል ታድርገው፣ ሁለቱም ያንኑ ፋይል ይክፈቱ። ዛትስ ኢት።»

ይኸው ነው። አንቺ ይገባሻል።

ስለ ሚሞሪው አዝኛለሁ። ለሌላ ኮምፒውተር ከሆነ ስጪው፣ ካልሆነም አባትሽ በመሐረቡ ይያዘው።

እትዬን ሳሚልኝ።

ጋሼ ወንድይራድ


ሆሳዕና፣ የካቲት 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኢንጂነር ወንድይራድ፣

የሰማዩ ጌታ እርስዎንም ወንድም መክብብንም ይባርክ። እሱን «መልሱ መሬት አልወደቀም» ይበሉልኝ። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ጥራዙን አንድ ፋይል አደረግኩት። የሚከፍተውንም ፕሮግራም ራሴ ጻፍኩ፤ አንዱን ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር፣ አንዱን ለስልኩ። አራት የነበረው አሥራ ሰባት ደረሰ! ተማሪዎቼ ጨፈሩ። ሮሐ የምትባል ልጅ አለች፣ አባቷ «ሐዋሳ የምትሄጂው በሬሳዬ ላይ ነው» ያላት፤ እሷ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ነው የጨፈረችው።

ከአሥራ ሰባት ግን አላለፈም።

ምክንያቱን አይቼዋለሁ። የኮምፒውተሮቹ ወገን እርስ በርሱ ይጋራል። የስልኮቹም ወገን እርስ በርሱ ይጋራል። ሁለቱ ወገኖች ግን አንድም ገጽ አይጋሩም፣ አንድም! ጥራዙ ሁለት ጊዜ ይያዛል ማለት ነው። አንዱ ቅጂ ቢቀር ኖሮ የሰባት ተማሪ ቦታ ይወጣ ነበር፤ ሃያ አራት ይሞላ ነበር። ፋይሉን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አመሳከርኩት። አንድ ነው፣ ነጥብ እንኳ አይለያይም። ታዲያ ለምን? ሳምንት ሙሉ አሰብኩ፤ ዛሬ ትምህርት ክፍሉን ዘግቼ አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም።

አቶ አሳምነው እስከ መጋቢት 30 ጊዜ ሰጥተውኛል። ያን ቀን መጥተው ሃያ አራቱ ሲከፈት በዓይናቸው ካላዩ የሐዋሳውን ደብዳቤ ይፈርማሉ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልድፈር። የወንድም መክብብን ሐሳብ ጻፉልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ራስዎ ግን ምን ይላሉ? ሃያ ዓመት ሊሞላዎ ነው እዚያ ሥራ ላይ። ስሕተት ይሆናል ብለው ከሆነ የተዉት፣ ስሕተትም ቢሆን ይጻፉልኝ። የሚያስብልኝ ሰው እንዳለ ማወቁ ይበቃኛል።

ቤተል


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 13 ቀን 2016

ቤተል ልጄ፣

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ። አንደኛው ሰላምታ ነው፤ እሑድ አንብቢላቸው። ይኼኛው ለብቻሽ ነው። ሌላ ሰው አጠገብሽ ካለ አጥፈሽ አስቀምጪውና በኋላ አንብቢው።

«እርስዎ ራስዎ ምን ይላሉ?» አልሽኝ። አሥር ጊዜ አነበብኳት፣ ያቺን መስመር። አሥር ጊዜ አፈርኩ።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የምሠራው ከኮምፒውተር ኩባንያው ሕንፃ ሥር ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ። ከመሬት በታች ሁለተኛው ፎቅ፣ ፒ-ቱ ይሉታል። የሰው መኪና እቀበላለሁ፣ ቁልፉን ሰሌዳ ላይ እሰቅላለሁ፣ መኪናውን አቆማለሁ፣ ማታ አወጣለሁ። እዚህ ሥራ ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። መክብብን የማውቀው መኪናውን ስለማቆምለት ነው።

እንዴት እንደተጀመረ ልንገርሽ። ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ በሦስተኛው ወር ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ክራቫት ተውሼ ሕንፃው በር ላይ ፎቶ ተነሳሁ። ከጀርባው «የምሠራበት ሕንፃ» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። እናንተ ዘንድ ሲደርስ «ኮምፒውተር ኩባንያ ነው የሚሠራው» ሆነ። ዓመት ሳይሞላው የዘመዳችን የፅጌ ሠርግ ላይ «ኢንጂነር ወንድይራድ ከአሜሪካ የላኩት ስጦታ» ተብሎ በማይክራፎን ተነገረ። ካሴቱን ላኩልኝ፤ አየሁት። ያኔ ማረም ነበረብኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ይኸው አንቺ ዘንድ ደረስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ግን ሲያድር እየጨለመ ሄደ። የማይሆን ሚሞሪ የላክሁልሽም ለዚህ ነው። ዓይነቱን ብትጽፊልኝ በትክክል እገዛው ነበር፤ አንቺ አክብረሽኝ አልጻፍሽም፣ እኔም አፍሬ አልጠየቅሁም።

ሶ፣ እኔ ራሴ የምለው ነገር የለኝም ልጄ። የማውቀው መኪና ማቆም ነው። የሱን ወሬ ልንገርሽና ልሰናበት፣ ቢያንስ ትስቂያለሽ።

ባለፈው ማክሰኞ መክብብ ቸኩሎ መጥቶ መኪናውን ራሱ አቆመ። ግድግዳው ሥር፣ የረድፉ የመጀመሪያ ቦታ ላይ። ግን ከመስመሩ አንድ ክንድ አልፎ። ሁለተኛው መጣ፣ በመክብብ ልክ እሱም አንድ ክንድ አልፎ ቆመ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ረድፉ እስኪያልቅ እንዲሁ። እኔ ምሳ ወጥቼ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ነበርኩ። ስመለስ አለቃዬ ወረቀት ይዞ ይጮሃል። በየቦታው ቁጥር የትኛው መኪና እንዳለ ሊያመሳክር ወርዶ አንዱም ከቁጥሩ ጋር አልገጠመለትም። መኪኖቹ ያው ናቸው፣ ተራቸውም ያው ነው፣ አንድም አልጎደለም። የመጀመሪያው አንድ ክንድ ስላለፈ ብቻ ሁሉም በሁለት ቦታ መሃል ቆሟል። «ምን ይሻላል?» አለኝ። የመክብብን ቁልፍ አምጥቼ መኪናውን ወደ መስመሩ መለስኩት፣ ከዚያ ተራ በተራ ሁሉንም። ለመክብብም ቲኬት ጀርባ ላይ «ስድስተኛ ፎቅ ብልህ፣ ፒ-ቱ ግን ሞኝ» ብዬ ጽፌ መስታወቱ ላይ ሰካሁለት።

እውቀቴ ይኸው ነው። ይቅር በይኝ። ለእትዬ እንዴት እንደምነግራቸው አላውቅም። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ያን ፎቶ እያዩ ነው የሚጸልዩልኝ።

ወንድይራድ


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታው ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ይህን ይስሙ። ሃያ አራቱም ተከፈቱ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መጋቢት 24 ቀን ነው። የለብቻዬን ወረቀት ሻወር ቤት ገብቼ አነበብኩት። እስከ ግማሹ አለቀስኩ። መክብብ መኪናውን ያቆመበት ቦታ ስደርስ እንባዬን ሳልጠርግ «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ እባብ የነደፈኝ መስሏት በሩን ልትሰብር ነበር።

ጥፋቱ ያ ነበር፣ እርስዎ የጻፉት! ጥራዙን የሚከፍተው ፕሮግራሜ ከፋይሉ ፊት ትንሽ መግቢያ ያስቀምጣል፤ ስሙን፣ ርዝመቱን፣ እንዲህ ያለ ነገር። በኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር መግቢያው ሠላሳ ሁለት ፊደል ያህል ይይዛል፤ በስልኩ ፕሮሰሰር ቁጥር ስለሚያጥር ሃያ ብቻ። ፋይሉ የሚቀጥለው ከመግቢያው በኋላ ነው። ስለዚህ በአንዱ ወገን ጥራዙ ሁሉ አሥራ ሁለት ፊደል አልፎ ቆሟል። ሰርቨሩ እንደ አለቃዎ ነው፤ በየገጹ መስመር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያመሳክረው። ጽሑፉ ያው፣ ተራውም ያው፣ አንድም ገጽ ግን ከአንድ ገጽ ጋር አይገጥምም። እኔ ሞኟ ፋይሉን እያመሳከርኩ ሳለቅስ ከርሜአለሁ፤ የቆመበትን ቦታ አንዴም አላየሁትም!

መግቢያውን ለብቻው ገጽ ሰጥቼ ጥራዙን በሁለቱም ወገን ከመስመሩ መጀመሪያ አስነሳሁት። ያረምኩት ስድስት መስመር ብቻ ነው። ሃያ አራት ከፍተን ትንሽ ቦታ እንኳ ተረፈን። ወንድም መክብብ ለምን እንዳልታየው ገባኝ፤ መግቢያውን እኔ አልነገርኩትም።

መጋቢት 30 አቶ አሳምነው መጡ። አንድ፣ ሁለት እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ አራተኛዋ ሮሐ ነበረች። የሐዋሳውን ደብዳቤ ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱት፣ ቀድደውም ወረቀቱን ራሳቸው ጠረጉ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። እሑድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እትዬ «ማን ፈታው?» አሉኝ። «ጋሼ ወንድይራድ» አልኩ። እልልታው ጣሪያ ነካ። «እንዴት አድርጎ?» አሉኝ። ጋሼ፣ መኪናውን ሳልናገር መልሱን መናገር አልችልም፤ መኪናውን ከተናገርኩ ደግሞ ሁሉን ተናገርኩ። «የኢንጂነር ነገር ነው፣ ረቂቅ ነው» ብዬ አለፍኩት። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የሠሩት እርስዎ ሆነው ምስጋናውን ለማናውቀው ለአንድ ኢንጂነር አስረከብኩት፤ ከነከነኝ።

ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አያየውም፣ በጌታ ስም። ከፈቀዱ ግን እኔ ራሴ አነብበዋለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የምትኮራብዎ ልጅዎ
ቤተል


ሎስ አንጀለስ፣ ዊልሻየር፣ ፒ-ቱ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 2016

ለውድ ልጄ ለቤተል፣ ለእትዬ የሺሃረግ፣ ለተፈሪ፣ ለፅጌ፣ ቤቱን ለሞላችሁ ሁሉ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ።

ቤተል፣ ይኸኛው ደብዳቤ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የለብቻሽ የሚባል የለውም። ያኛውንም አውጪና አንብቢላቸው። ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ ምንም አትዝለይ፣ የሠርጉን ማይክራፎንም ቢሆን። ፅጌ ትስማው፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የኔ ነው።

የጻፍሽውን ለመክብብ አነበብኩለት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ «ወንድይ፣ እኔ አልታየኝም ነበር እኮ» አለኝ። በማግስቱ መኪናውን መስመሩ መሃል አቁሞ «ቼክ አድርገኝ» አለ። እኔም እንደ አለቃ ዞሬ አየሁት፤ «ሃያ አራት ከሃያ አራት» አልኩት።

እትዬ፣ ይህ ለእርስዎ ነው። እስከዛሬ አላረምኩም። ፈራሁ፤ ፎቶዬን ከግድግዳው ያወርዱታል ብዬ። ፎቶ ልኬያለሁ። መክብብ ነው ያነሳኝ። የሥራ ልብሴን ለብሼ ነው፤ ደረቴ ላይ ያለው ስሜ ነው፣ ከኋላዬ ያለው የቁልፍ ሰሌዳው ነው። የክራቫቱን ማውረድ ከፈለጉ ያውርዱት። ክራቫቱም የኔ አልነበረም።

እስክትጽፉልኝ አልተኛም።

ወንድይራድ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ


ሆሳዕና፣ ግንቦት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኢንጂነር ወንድይራድ፣

የኀዘን ደብዳቤ መስሎዎት እንዳይደነግጡ ደስታውን አስቀድማለሁ። ምዘናው ግንቦት 10 ቀን ተደረገ። ሰርቨሩ አንዴም አልቆመም። ከሃያ አራቱ ሃያ አንዱ አለፉ፤ ሮሐ አልፋለች። አባቷ በግ ይዘው ኮሌጁ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ለዲኑ ይሁን ለኔ ይሁን ሳይለይ ሁለታችንም እምቢ ስንል ለዘበኛው ትተውት ሄዱ።

አሁን ወደ እሑዱ። ቤቱ እንደሁልጊዜው ሞልቶ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። የሠርጉ ማይክራፎን ላይ ስደርስ ፅጌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እኔ አላወቅሁም። ስጨርስ ሁሉም እትዬን ያያል።

እትዬ ፎቶውን ተቀብለው መስኮቱ ጋ ወሰዱት። መጀመሪያ የተናገሩት ይህን ነው፦ «ይሄ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከመሬት በታች ሆኖ ፀሐይ አያገኝም ነበር ማለት ነው?» ከዚያ አለቀሱ። እኛም አለቀስን። አባቴ «ምሳ ሲወጣ ያገኛል፣ ፌርፋክስ እወጣለሁ ብሏል» ብሎ ሊያጽናናቸው ቢሞክር «አንተ ዝም በል» ተባለ።

ቀጥለው ሰሌዳውን በጣታቸው እየነኩ «ይህ ሁሉ የሰው ቁልፍ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ሁሉም እምነት ጥለውበት ነው ቤታቸውን የሚያህል መኪና የሚሰጡት?» አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ ምን ያሳፍረዋል?» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸውን እንዳለ ላስተላልፍልዎ ቃል ገብቻለሁ፦ ተቆጥተዋል፣ ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ዝምታው። ጉልበታቸውም ሲሸፈን እንደማይሻለው አክለዋል።

የክራቫቱ ፎቶ አልወረደም። አዲሱ ከጎኑ ተሰቅሏል። አሁን የሚጸልዩት ግን አዲሱን እያዩ ነው፤ «ይኼኛው ላይ ከስቷል» ይላሉ።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ እትዬ አጠገቤ ነበሩ። «ለተከበሩ ጋሼ» ብዬ አቆምኩ። «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ኢንጂነር የሚለውን ልተወው ነው» አልኳቸው። «ኢንጂነር ማለት ምን ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሉት የኖሩትን ቃል ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። «ሌላው ያቃተውን ችግር የሚፈታ ሰው ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ሰርቨሩን የፈታው ማን ሆነና ነው?» አሉኝ። «ጻፊው።»

ጻፍኩት።

ልጅዎ
ቤተል ተፈሪ